ያልተከፈለ ደመወዝ ጣሪያ አያስፈልገውም

አንድ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ሰሞኑን በሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ላይ ቀርበው የተናገሩትን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ክለቦችን ለኪሳራ የዳረገው የተጫዋቾች ደመወዝ ስለሆነ የክፍያ ጣሪያው ይበልጥ መጥበቅ አለበት፣ ውል እስከ መጨረሻው ቀን ዋስትና ይኑረው ማለትም ተጫዋቹን ሰነፍ ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም፣ ደግሞስ አሜሪካኖቹም የደመወዝ ጣሪያ አላቸው አይደል ወይ አሉ። ጠያቂው ጋዜጠኛ አንድም ጊዜ አላቋረጣቸውም።

ከስንፍናው ልጀምር። ዋስትና ያለው ውል ሰውን የሚያሰንፍ ከሆነ፣ ወር በገባ ቁጥር ደመወዛቸው ሳይጓደል የሚደርሳቸው እኚህ ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው በምን ተአምር ተግተው ይሠራሉ? የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩና የፌዴሬሽኑ ጸሐፊ ነገ የሚከፈላቸውን አውቀው ቢያድሩ ማንም ሰነፋችሁ አይላቸውም። ተጫዋቹ ብቻ ነው በርትቶ እንዲሮጥ መራብ አለበት የሚባለው። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ የሚያበቃ፣ አንድ የጅማት መበጠስ ከሙያው ሊያስወጣው የሚችል ሰው ከማንም በላይ ዋስትና ሊኖረው ሲገባ፣ ከማንም ያነሰ ዋስትና እንዲኖረው በአደባባይ ይሰበክበታል። የሁለት ዓመት ውል ያስፈረሙት ተጫዋች ሰነፍ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጥፋቱ የመራጩ ነው። ክለቡ ለገዛ ስህተቱ ይክፈል።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። በአገራችን የክፍያ ጣሪያ የሚባለው ነገር ከመሠረቱ የተዛባ የሆነው፣ ሊከፈል የሚችለውን ከፍተኛ መጠን እየወሰነ የተባለው መጠን ስለመከፈሉ ግን ምንም ስለማይል ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙ፣ ውሳኔው የሚመለከተው ተጫዋች ድምፅ አልነበረውም። አሠሪዎች ተሰብስበው የሠራተኛውን ዋጋ ቆረጡ፤ ከዚያ ወጥተው ሊጉን አዳንነው አሉ። ውጤቱን ሁላችንም አይተናል፤ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ያለው ውል 50,000 ይላል፣ የቀረው በሌላ ወረቀት ወይም በቃል ከጠረጴዛ ሥር ይሄዳል። ይህ የጎን ክፍያ ሲቀር ተጫዋቹ የት ይከሳል? የሕገ ወጥ ስምምነት ተካፋይ ነህ ተብሎ እርሱው ይቀጣል እንጂ ማን ይሰማዋል? ጣሪያው ክፍያውን አልቀነሰውም፣ ተጫዋቹ በማስረጃ ሊጠይቀው የሚችለውን ክፍል ብቻ ቀነሰበት።

በዚያው ላይ የብሩን ነገር ጨምሩበት። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ 50,000 ብር 1,700 ዶላር ገደማ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ባሉት ወራት ያው ገንዘብ ከ500 ዶላር በታች ወረደ። ጫማ፣ የጉልበት ማሰሪያና የጉዳት ሕክምና በዶላር ዋጋ የሚገዛ ሰው በእነዚያ ዓመታት ምን ያህል እንደተነጠቀ ማስላት ከባድ አይደለም። አሁን ጣሪያው ከግለሰቡ ተነሥቶ በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ ሆኗል፤ ይህም ቢሆን ክለቡ የፈረመውን ይከፍላል ማለት አይደለም።

አንድ የማውቀው ተከላካይ ውሉን አሳይቶኝ ያውቃል። ሦስት ገጽ ነው፤ ደመወዙ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል፣ በየገጹ ግርጌ ሰማያዊ ማኅተም አለ። ከልምምድ የቀረ፣ ከካምፕ ያለ ፈቃድ የወጣ፣ ለመገናኛ ብዙኃን የተናገረ ተጫዋች ስንት እንደሚቀጣ በሰባት ንዑስ ቁጥር ተዘርዝሯል። ክለቡ ደመወዝ ሳይከፍል ቢቀር ምን እንደሚሆን የሚናገር መስመር ሦስቱንም ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤ አላገኘሁም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከባንክ የሚላክለትን መልእክት አሳየኝ፤ የመጨረሻው ደመወዝ የገባው በጥቅምት ነበር፣ እኛ የተገናኘነው በመጋቢት ነው። የቤት ኪራዩን ወንድሙ እየከፈለለት፣ ቅዳሜ ግን ተሰልፎ ይጫወታል። ካልተጫወተ ይቀጣላ! ቅጣቱ ደግሞ ካልተከፈለው ደመወዝ ላይ የሚቀነስ ነው።

ይህ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ክለብ ሲፈልገው፣ የቀድሞ ክለቡ መልቀቂያ የሚሰጠው የአምስት ወር ደመወዙን እንደማይጠይቅ ከፈረመ ብቻ መሆኑን ነገረው። ፈረመ። በማግሥቱ ዜናው ተጫዋቹና ክለቡ «በስምምነት ተለያዩ» የሚል ነበር። ይህችን ሐረግ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን በየዝውውር መስኮቱ ይጽፏታል፤ ከጀርባዋ ስንት የተቀማ ደመወዝ እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንድ ሰው ላቡን ትቶ እንዲሄድ ሲገደድ ስምምነት የሚባለው በየትኛው ሕግ ነው?

እዚያው መልበሻ ክፍል ውስጥ ከዚህ ተከላካይ ጎን የሚቀመጠው የውጭ አገር ግብ ጠባቂ ግን እንዲህ አይደረግበትም። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 14 ተደጋጋሚ (14bis) እንደሚለው፣ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል፣ ካሳም ይጠይቃል። ክርክሩ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ጉዳዩ የፊፋ መቀመጫ እስከሆነችው ዙሪክ ድረስ ይሄዳል፤ የተፈረደበት ክለብ በ45 ቀን ውስጥ ካልከፈለ እስከ ሦስት ተከታታይ የምዝገባ ወቅት አዲስ ተጫዋች እንዳያስፈርም ይታገዳል። የአገር ልጅና የአገር ክለብ ሲከራከሩ ግን ነገሩ ለአገሩ ፌዴሬሽን የሚተው ነው፣ እዚያ ደግሞ ክለቦቹ ባለድምፅ ናቸው። በአንድ ቡድን ውስጥ ለባዕዱ ዋስትና ያለው ውል፣ ለአገሬው ልጅ ማኅተም ያለበት ተስፋ ይሰጠዋል። ከዚህ የከፋ ውርደት አላውቅም፤ ሥራ አስኪያጁ በአንድ ሰዓት ንግግራቸው ስለዚህ ትንፍሽ አላሉም።

ወደ አሜሪካው ምሳሌያቸው ስመጣ፣ ግማሹን አንብበው ግማሹን የተዉት ነገር ነው። በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የአንድ ቡድን የክፍያ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2025 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህን ቁጥር ግን የቡድን ባለቤቶች ብቻቸውን ተሰብስበው አልቆረጡትም፤ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በተፈረመ የኅብረት ስምምነት ከሊጉ ገቢ ቢያንስ 48 በመቶ ለተጫዋቾች እንዲሆን ተደርጎ የሚወጣ ነው፣ ቡድኖችም ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይከፍሉ ወለል ተበጅቶላቸዋል። እኛ ጣሪያውን ቀድተን ወለሉን ተውነው። እዚያም ቢሆን የዋስትናው ነገር ያልተዘጋ ቁስል ነው። የክሊቭላንድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ለተጫዋቹ ዴሾን ዋትሰን 230 ሚሊዮን ዶላር ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው ውል ከሰጠ በኋላ ማኅበሩ ሌሎቹ ባለቤቶች ይህ እንዳይደገም አሲረዋል ብሎ ከሰሰ፤ የግልግል ዳኛው ክለቦቹ ለመስማማታቸው በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ቢልም፣ ሊጉ ዋስትናውን እንዲቀንሱ ባለቤቶቹን መገፋፋቱን ግን ከመግለጽ አልተመለሰም። ሥራ አስኪያጁ እንደ አርአያ የጠሩት አገር ተጫዋቾች በሚሊዮኖች እየተከፈላቸው እንኳ ዋስትና የሌለው ቁጥር ቁጥር እንዳልሆነ ገብቷቸው ተከራክረዋል።

ከአሜሪካ ይልቅ የእንግሊዝ ታሪክ ለእኛ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1901 በሳምንት 4 ፓውንድ ተብሎ የተጀመረው ጣሪያ ስድሳ ዓመት ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ክለቦች ከጠረጴዛ ሥር መክፈላቸውን አላቆሙም፤ የሰንደርላንድ ክለብ በ1957 በዚሁ ምክንያት 5,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር ሥራ እናቆማለን ባለ ጊዜ፣ በጥር 1961 ጣሪያው 20 ፓውንድ ላይ ሳለ ተነሣ። በ1963 ደግሞ ተጫዋቹ ጆርጅ ኢስተሃም የቀድሞ ክለቡን ኒውካስልን ከስሶ፣ ውሉ ያለቀን ተጫዋች በመልቀቂያ ወረቀት አስሮ ማቆየት አግባብ እንዳልሆነ ፍርድ ቤት ወሰነለት። በእኛ አገር ያ ወረቀት ዛሬም የሰው አንገት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የሦስተኛውና የአራተኛው እርከን ክለቦች ለአንድ ክለብ በዓመት 2.5 እና 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ብለው ጣሪያውን መልሰው ቢያመጡት፣ ከስድስት ወር በኋላ የግልግል ጉባኤ ሻረው፤ ምክንያቱም የተጫዋቾች ማኅበርን በአግባቡ ሳያማክሩ የወሰኑት ስለሆነ ነው።

አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከክልልና ከመንግሥት ድርጅቶች በሚመደብ በጀት መሆኑን አልክድም፤ የሕዝብ ገንዘብ ገደብ ሊኖረው ይገባል። ሆኖም ገደቡን የጣሰው ፈራሚው ተጫዋች ሳይሆን አስፈራሚው ሹም ነው። ለአሥራ ሁለት ወር በጀት ሳይኖረው ሠላሳ ተጫዋች ያስፈረመ፣ በአጋማሹ ሌላ አምስት የጨመረ ማን ነው? የሕዝብ ገንዘብ ያሳሰበው ሰው መጀመሪያ እርሱን ይጠይቅ።

ሊጉን የሚያስተዳድረው አክሲዮን ማኅበርና ፌዴሬሽኑ ከልብ ካሰቡበት ሥራው ቀላል ነው። ክለቡ ለዓመቱ ላስፈረማቸው ተጫዋቾች ደመወዝ የባንክ ዋስትና ሳያስይዝ አንድም ተጫዋች አይመዝገብለት። የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ልጅ መልቀቂያ ከክለቡ ሳይለምን ከነሙሉ መብቱ ይሂድ፣ ቀሪ ውሉም ከተያዘው ዋስትና ይከፈለው። የውሉ ቅጂ ማኅተሙ እንደደረቀ በእጁ ይግባ። ይህ ሳይሆን ስለ ጣሪያ የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ዕዳን ለመቀነስ የሚደረግ የባለዕዳዎች ስብሰባ ነው፤ እኚያ ሥራ አስኪያጅም በሚቀጥለው ሬዲዮ ላይ ሲቀርቡ በቅድሚያ የገዛ ክለባቸው የስንት ወር ደመወዝ እንዳለበት ይንገሩን።

ያ ተከላካይ ለአዲሱ ክለቡ ሁለት ዓመት ፈርሟል። በዚህኛው ውል ውስጥ ስለ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚል አንቀጽ ይኖር እንደሆነ ደውዬ ጠየቅሁት። ቅጂ እስካሁን አልተሰጠውም።