ጭረት ያረፈበት ዘላለም

ለእጮኛው የፕላቲነም ቀለበት የሚገዛ ሰው ብረት የገዛ አይመስለውም፤ ዘላለምን ገዝቶ የወጣ ነው የሚመስለው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቀለበቱን ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ ጥቁር ጨርቅ ላይ ሲያኖርለት፣ «ይኼ እኮ እንደ ብር አይጠቁርም፣ እንደ ነጭ ወርቅም ቀለሙ አይለቅም» ይለዋል። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ብር አየር ውስጥ ያለ ሰልፈር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ነጭ ወርቅም የተለበጠበት ሮዲየም የተባለ ነጭ ብረት እያደር ሲሳሳ ከሥሩ ብጫ ብጫ ይላል፤ ፕላቲነም ግን እስከ ውስጡ ያው ነጭ ነው። ችግሩ ገዢው ያልተባለውንም ጨምሮ መስማቱ ነው። «አይጠቁርም» የተባለውን «አይጫርም» ብሎ ይዞ፣ ደረሰኙን በኪሱ፣ ዘላለሙን በትንሿ ሣጥን አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከዚያ በአንዱ ቀን እጮኛይቱ እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ ስታይ፣ ከፀጉር የቀጠነች አንዲት መስመር በቀለበቱ ወገብ ላይ ተጋድማ ታገኛለች። ቤቱ ወዲያው ወደ ምርመራ ጣቢያነት ይለወጣል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሻጩ ነው፤ «አታሎናል፣ እውነተኛ ፕላቲነም ቢሆን ኖሮ መቼ ይጫር ነበር» ይባልበታል። ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ ባለቀለበቷ ራሷ ናት፤ ዕቃ ስታጥብ ለምን አላወለቀችውም፣ የበር እጀታስ ለምን በዚያ እጇ ትይዛለች ተብላ ትጠየቃለች። ሦስተኛው ተጠርጣሪ፣ ማንም ደፍሮ በአደባባይ ባይከሰውም፣ ፍቅሩ ነው፤ «ገና ሳይጋቡ እንዲህ ከሆነ...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የሚተው አሽሙረኛ ዘመድ ከየትኛውም ቤት አይጠፋምና።

እውነተኛው ጥፋተኛ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው። ፕላቲነም ቁጥሩ የበለጠው ያነሰውን በሚጭርበት በሞስ የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ላይ ከ4 እስከ 4.5 ባለው ይቀመጣል፤ በተራ አሸዋና አቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ ግን 7 ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ያረፈን አቧራ በመዳፍ ጠረግ ማድረግ ዘላለምን ለመጫር ከበቂ በላይ ነው። በዚያ ላይ ለቀለበት የሚውለው ፕላቲነም አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እጅ 950 እጁ ንጹሕ ሲሆን፣ የ18 ካራት ወርቅ ግን 750 እጁ ብቻ ነው ንጹሕ፤ ንጹሕ ብረት ደግሞ ለስላሳ ነው። ለንጽሕናው አብዝቶ የከፈለው ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ተሰደበ ይቆጥረዋል። ይህ ምስኪን ብረት አይዝግም፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ ሙቀቱ 1,768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰም አይቀልጥም፤ ይህን ሁሉ ችሎ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብታሸንፈው ሊታዘንለት ሲገባ ይታማል።

ከአቧራ ቀጥሎ ያለው ጠላት ማንነት ሲታወቅ ነገሩ የባሰ ያስቃል። ከሠርጉ በኋላ የጋብቻው ቀለበት መጥቶ ከእጮኝነቱ ቀለበት ጎን፣ በአንድ ጣት ላይ ይሰፍርና ሁለቱ ቀን ከሌት ሲፋተጉ ይኖራሉ። አንደኛው በጎኑ አልማዝ የተሰካበት እንደሆነማ፣ አልማዝ በዚያው መለኪያ 10 ነውና ጎረቤቱን ቀስ እያለ ይሞርደዋል። አብረው እንዲኖሩ ተመርጠው የተገዙ ሁለት ቀለበቶች አብረው በመኖራቸው ብቻ እንዴት እንደሚጎዳዱ ዕድሜውን ሙሉ እያየ፣ ስለ ትዳር ምክር ከመስጠት የተቆጠበ ወርቅ ሠሪ ካለ ከትዕግሥተኞች ሊቆጠር ይገባዋል።

የጭረቱ ወሬ ሲሰማ የቤት ሐኪሞች ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው የጥርስ ሳሙና የማያዝ አይገኝም። የጥርስ ሳሙና ጥርስን የሚፈትግ ደቃቅ ብናኝ አለበትና፣ በብሩሽ ሲታሽበት አንዷን ጭረት በሺህ ደቃቅ ጭረቶች ይከባታል፤ የፊተኛዋ መስመር ከብዙኃኑ ጋር ስለምትቀላቀል ትጠፋለች፣ አዛዧም «አላልኳችሁም!» ብላ ትኮራለች። ጥፋት የጋራ ሲሆን ጥፋተኛ አይገኝም የሚለው የመሥሪያ ቤቶች ልማድ ቀለበት ላይም ይሠራል ማለት ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ተጠቅሞ የተጠራቀመውን ቅባት ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያህል ቀላል መድኃኒት ያዘዘ ሰው በሸንጎው ዘንድ አዋቂ ተብሎ አይቆጠርም።

በመጨረሻ ጉዳዩ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ይደርሳል። እርሱም አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ቀለበቱን እያሽከረከረ ለረጅም ጊዜ ያየውና ጭረቱን ሳይሆን አልማዙን የያዙትን ጥፍሮች ይነካካል።

«እመቤቴ፣ ይቺ ጥፍር ላልታለች፤ ድንጋዩ አንድ ቀን ይወድቅብዎታል።»

«ድንጋዩ ይቆየን፤ መጀመሪያ ጭረቱን ያጥፉልኝ።»

«ጭረቱ እኮ ምንም አላጎደለብዎትም። ወርቅ ሲጫር ከአካሉ ይቆረሳል፤ ፕላቲነም ግን አብዛኛው ወደ ጎን ገፋ ብሎ እዚያው ይቀመጣል። ከላዩ ላይ የሚያጎድለው የእኔ መወልወያ ነው። ቢተዉት ጭረቱ እየበዛ፣ እየተደራረበ፣ መልኩ ፈዘዝ ብሎ ያምርበታል።»

እዚህ ላይ ባለቀለበቷ ሰውዬውን በልቧ ትታዘበዋለች። ሥራ አልፈልግም የሚል ሠራተኛ፣ ወይ ሰነፍ ነው ወይ ሙያው የለውም። ገንዘብ እንዳታወጣ የመከራትን ትታ፣ ሳያይ «ይሠራል!» ወዳለው ጎረቤቱ ትሻገራለች፤ እውነትን በነጻ የሚሰጥ ሰው ደንበኛ የሚያጣው በዚህ ሙያ ብቻ ባይሆንም፣ እዚህ ግን ኪሳራው በግራም ይመዘናል።

ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው እጅ ከገባ ግን መወልወሉ ራሱ መታየት ያለበት ነው። ቀለበቱ አስቀድሞ በደንብ ይታጠባል። ጭረቱ ጥልቀት ከሌለው፣ ባለሙያው ገጹ ተወልውሎ እጅግ በለሰለሰ ጠንካራ ብረት ጫፍ ጠርዝ ጠርዙን እየተጫነ፣ ሸሽቶ የነበረውን ፕላቲነም ወደ ቦይው ይመልሰዋል። ጉድጓድ ሆኖ የገባውን ደግሞ ከዚያው ዓይነት ብረት ቀጭን ሽቦ በሌዘር እየበየደ ይሞላዋል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ተራ ይመጣል፤ ከሻካራው ይጀመርና ወደ ደቃቁ ይወረዳል፣ የእያንዳንዱም ሥራ የቀደመው የተወውን ጭረት አጥፍቶ በምትኩ ከእርሱ የቀጠነ ጭረት መተው ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት፣ የሰው ዓይን መቁጠር እስኪያቅተው ድረስ ቀለበቱን መጫር ማለት ነው። አንዱን ደረጃ የዘለለ ችኩል ሰው፣ መጨረሻ ላይ በቅባትና በጨርቅ ጎማ ሲያንጸባርቀው ያ የተዘለለው ጭረት ከብርሃኑ ሥር ብቅ ብሎ ይስቅበታል። ፕላቲነም በዚህ ረገድ ከወርቅ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጥንቁቆቹ ሞረዱንና ጎማውንም ከወርቁ ይለዩለታል። ከጎማው ሥር የሚረግፈው ግራጫ ዱቄት እንደ ቆሻሻ አይጣልም፤ ተጠራቅሞ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ባለቀለበቷ እንግዲህ ከፕላቲነሟ ጥቂቱን ለሌላ ሰው ትታ፣ ለመተዋም ሒሳብ ከፍላ፣ ደስ ብሏት ትወጣለች።

ጭረት የማያውቀው ፕላቲነም በምድር ላይ ይገኛል ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ፣ የኪሎግራምን ታሪክ ቢያይ ደግ ነው። ከ1889 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የዓለም ኪሎግራም የተባለው ከ90 በመቶ ፕላቲነምና ከ10 በመቶ ኢሪዲየም የተሠራ አነስተኛ ጉማጅ ሲሆን፣ በፓሪስ አቅራቢያ በሴቭር፣ ለመክፈት ሦስት ቁልፍ በሚያስፈልገው ክፍል ውስጥ፣ በተደራረቡ የብርጭቆ ክዳኖች ሥር ይኖር ነበር። ዕቃ አላጠበም፣ በር አልከፈተም፣ ማንንም በእጁ አልጨበጠም። የሚወጣው ከስንት ዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ ሲወጣም በአልኮልና በኤተር በራሰ ለስላሳ ሌጦ ተጠርጎ በእንፋሎት ይታጠብ ነበር። እንዲያም ሆኖ አብረውት ከኖሩት ቅጂዎች ጋር ሲተያይ፣ በአንድ መቶ ዓመት ገደማ ውስጥ 50 ማይክሮግራም ያህል ልዩነት ታየ፤ ሳይንቲስቶቹም ተስፋ ቆርጠው ኪሎግራምን በማይዳሰስ የተፈጥሮ ቁጥር ተኩት። የእኛይቱ ባለቀለበት ደግሞ ወንበር በሚስበው፣ ቁልፍ ከኪስ በሚፈልገው፣ ሲናደድ ጠረጴዛ በሚመታው እጅ ላይ አድርጋው፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ይሁንልኝ ትላለች።

ተወልውሎ የተመለሰውን ቀለበት የሚያስተውለው ሰው ደግሞ የለም። ሰው ሲያይ ድንጋዩን ያያል፣ መጠኑን በዓይኑ ይመዝናል፣ ዋጋውን በልቡ ገምቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ባለቤቲቱ «አስወለወልኩት እኮ!» ብላ ራሷ ማወጅ ግድ ይሆንባታል፤ ይህን ጊዜ በስልኳ መብራት አብርታ የምትመረምር ወዳጅ ትነሣና፣ «እዚህ ጋ ግን አንድ ቀርታለች» ትላለች። ቀለበቱ ያን ዕለት ማታ ተመልሶ ሣጥን ይገባል።

ይህ ሁሉ የሰለቸው ወገን መላ ዘይዷል። ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ አውቀው በደቃቅ ጭረት የሸፈኑትንና ለዚያም ተጨማሪ የሚያስከፍሉበትን፣ የማያንጸባርቅ ቀለበት ይገዛል። አንዲት ጭረት ስታስለቅስ አሥር ሺህ ጭረት በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፍ ዘመናዊነት ይሆናል። ሆኖም ልብስ፣ ኪስና የለባሹ ቆዳ ሲያሹት ያ ሻካራ ገጽ እያደር ይለሰልስና በጉልህ ጉልሁ ቦታ ላይ ማብረቅረቅ ይጀምራል፤ ወርቅ ሠሪውም አንድ ቀን ቀና ሲል፣ ቀለበቱን ከእጁ ያወለቀ ደንበኛ ፊቱን አጨፍግጎ ቆሟል። «ይኸው አበራብኝ፤ እባክዎ ጭረቱን ይመልሱልኝ» ይለዋል።