ሞምባሳን ለማየት አንድ ጠዋት ይበቃል
ስለ ኬንያዋ የወደብ ከተማ ስለ ሞምባሳ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ለስብሰባ ወደዚያ የሄደ ሰው ከሆቴሉና ከባሕር ዳርቻው ውጭ ለማየት ጊዜ አያገኝም ይላል፤ ይህ አገላለጽ ትክክል አይደለም። ከኮምቦልቻ ለጨርቃ ጨርቅ ሥራ ተልኬ በሄድኩበት ጊዜ፣ ፖርቱጋሎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1593 እስከ 1596 በኮራል ድንጋይ የገነቡትን፣ በ1698 የኦማን ዐረቦች ከረዥም ከበባ በኋላ የያዙትን፣ በእንግሊዞች ዘመን ደግሞ እስር ቤት የነበረውን ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ የጎበኘሁት ከስብሰባው በፊት በነበረችው ጠዋት ነው፤ ከምሽጉ አጠገብ ያለውን የአሮጌውን ከተማ ጠባብ መንገዶችና የተቀረጹ የእንጨት በሮችም በእግሬ ተዘዋውሬ አይቻለሁ። በጽሑፉ ላይ አስተያየት የሰጡ አንድ ግለሰብ ከተማዋን ለማየት ከቀትር በኋላ መውጣትን መምከራቸው ግን፣ በደሴ ብርድ ያደገ ሰውነት ያንን ወበቅ ስለማይችለው፣ ለእኛ የሚሆን አይመስለኝም። ከሞምባሳ ደሴት ወደ ደቡብ በኩል ወዳለው ዳርቻ የሚያሻግረውን የሊኮኒን ጀልባ ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም፤ እግረኛ ያለ ክፍያ ይሻገርበታል።