ክብር ለመስኮት ዘጊዎች

ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ እንደ በርበሬ ተጠቅጥቀናል። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ከእግር ጥፍሩ ጀምሮ ያስላል። መስኮቷን ሁለት ጣት ያህል ከፈት ባደርጋት፣ ከጎኔ ያሉት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና «ልጄ፣ ኧረ ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?» አሉኝ። ረዳቱም ገላመጠኝ። ዘጋሁ። ለሳሉ ማንም ዞር አላለም፤ ሳል የቤት ልጅ ነው፣ ብርድ ነው ባዕዱ።

እነዚህ የጤናችን ዘቦች ሐውልት ሲያንሳቸው ነው። የፊዚክስ መምህራን ብርድ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ሙቀት ነው ይላሉ፤ እሱም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ቅዝቃዜ ራሱ ዳር አለው አሉ፤ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ያልቃል። ምስኪኖች! የእኛ ብርድ ይገባል፣ ይመታል፣ ወገብ ላይ ይሰፍራል፣ ኩላሊት ላይ ይከርማል፣ ሲያሰኘው በአረቄ ይወጣል። የሰፈራችን አንድ ጋሼ «አንድ መለኪያ ብርዱን ጠራርጎ ያወጣዋል» ይላሉ። እውነትም የሚወጣ ነገር አለ። አልኮል የቆዳን ደም ሥር ስለሚያሰፋ ፊት ይግላል፤ በዚያው መንገድ ሹልክ ብሎ የሚወጣው ግን የሰውነት ሙቀት ነው። ጋሼ ይህን ቢሰሙ ሁለተኛውን መለኪያ ያዛሉ።

ሐኪሞችም አላረፉም። ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው ይላሉ። የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል፤ ከሚያስል ሰው ወጥቶ በታፈነ ቤት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ መስኮት ክፈቱ ነው ምክሩ። ኮክ መቼም ከእኚህ እናት ጎን አልተቀመጠም።

በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገብቶ «መስኮት ይከፈት» ሲባል እንኳ ዘቦቻችን ንቅንቅ አላሉም። ማስኩ አገጭ ላይ፣ መስኮቱ ድርግም! ቫይረስ ያልፋል፤ ብርድ ግን አንዴ ከገባ መች ይወጣል?

ሳሪስ ልንደርስ ስንል እናት አስነጠሳቸው።

«ይማርዎት» አልኩ።

«ያኑርህ» አሉና የተዘጋችውን መስኮት በዓይናቸው አሳዩኝ። «አየህ አይደል? ያቺ ሁለት ጣት ናት!»