ያረጀ ማሽን ላይ አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ "ሸጠህ አዲሱን ግዛ" አትበሉኝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለችኝ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቃ የምሰራበት ማሽን (ድምፅ ቀድተህ በጣት እየመታህ ቢት የምትሰራበት ሳጥን) አካይ ኤምፒሲ ላይቭ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የመጀመሪያው። ሰሞኑን ኤምፒሲ 3 የሚባለውን አዲሱን ሶፍትዌር ጫንኩለት፣ ያውም በነፃ፣ ስልክ እንኳ ሳያረጅ አፕዴት የሚከለከልበት ዘመን ላይ። ለልጆቹ ስነግራቸው ግን ሳቁብኝ፣ "ላረጀ ሳጥን ቀለም መቀባት ነው፣ ሸጠህ አዲሱን ግዛ" አሉኝ።

በምን ብር? እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ከዛ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በሰርግ ዘፈንና በሱቅ ማስታወቂያ የሚኖር ሰው አዲስ ማሽን ሲባል ዋጋውን ራሱ መጠየቅ ይፈራል። ደግሞ ይሄ አሮጌው ውስጡ ባትሪ አለው፣ ኮምፒውተርም አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ሁሉ ጄኔሬተር ሲያንቋቋ እኔ ቢት እየሰራሁ ነው (ባትሪው ድሮ እንደነበረው ባይሆንም)።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ኤምፒሲ ከመጀመሪያው፣ የከበሮ ማሽን ዲዛይነሩ ሮጀር ሊን ለአካይ ኩባንያ ከሰራው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ ኤምፒሲ 60 ጀምሮ፣ አጫጭር ነገር ደጋግሞ ለማዞር የተመቸ ማሽን ነው። ለሂፕሆፕ ግሩም። መንዙማ ግን አራት ባር (አጭር የምት ዙር) ላይ ተጠቅልሎ አይቀመጥም፣ የሚያወጣው ሰው ግጥሙን ያስረዝመዋል፣ ተቀባዮቹ ይመልሱለታል፣ ድቤው ቀስ እያለ ይሞቃል፣ መቼ እንደሚያልቅ እሱና አላህ ናቸው የሚያውቁት። ባለፈው ከቦሩ ሜዳ የመጡ ሰዎች ስቀዳ ትልቁ ሰውዬ ሄድፎኑን አውልቀው "ልጄ፣ ይቺ ጠቅ ጠቅ የምትለው ነገር ምን አጣደፋት?" አሉኝ፣ እኔም "እሺ አባባ" ብዬ ሜትሮኖሙን፣ ምት የሚቆጥረውን፣ አጠፋሁት። ድሮ እንዲህ ያለ ረጅም ስራ መቅዳቱ ይቻል ነበር፣ ግን የቱ ትራክ የት ጋ እንደገባ በዛች ስክሪን ላይ መፈለግ መከራ ነበር። አሁን ኤምፒሲ 3 ሁሉንም ትራክ ከላይ እስከታች ደርድሮ ከጊዜው ጋር ያሳየኛል፣ ድቤው የሞቀበትን ቦታ በጣቴ ነካ አርጌ እሄዳለሁ። ለኔ ይሄ አዲስ ማሽን ነው።

በነገራችን ላይ ያረጀ ኤምፒሲን በሶፍትዌር ማደስ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤምፒሲ 1000 ላይ ጄጄ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ጃፓናዊ የራሱን ኦኤስ (ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር) ጽፎለት፣ ካምፓኒው ፊቱን ካዞረ በኋላም ማሽኑ ስንት ዓመት ተሰርቶበታል።

ነፃ ነው ስል ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ ሱቅም አብሮ ገብቷል፣ አንዳንዱ ፕለጊን (ተጨማሪ የድምፅ ፕሮግራም) በዶላር ነው የሚከፈተው፣ እኛ ጋ ደግሞ ኦንላይን መክፈያ ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? ራሙም ያው 2 ጊጋባይት ነው፣ ሶፍትዌር ስለተቀየረ አልጨመረም። ጣቴ የለመደው ሜኑም ቦታ ቀይሮ ሁለት ቀን እንደ ጀማሪ ተደናብሬያለሁ። ፋይሉን በፍላሽ መጫን መቻሉ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ዋይፋይ ያለው ቤት አውርደህ ይዘህ ትመጣለህ።

ብቻ እጃችሁ ላይ ያላለቀ ስራ ካለ አትጫኑ፣ ወይ መጀመሪያ ኮፒ አርጉት። አሮጌውን ፕሮጀክት አዲሱ ይከፍተዋል፣ በአዲሱ ሴቭ የተደረገውን ግን አሮጌው አይከፍተውም። እኔ ይሄን ሳላስብ በችኮላ እላዩ ላይ ሴቭ አድርጌ ኮምቦልቻ ላለው ጓደኛዬ ላኩለት፣ እሱ ገና ኤምፒሲ 2 ላይ ነው፣ አልከፍት አለው። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ምንም ማለት አልችልም፣ ድቤውንም ድምፁንም አንድ በአንድ በዋቭ (ተራ የድምፅ ፋይል) አውጥቼ፣ ፍላሿን ኪሴ ከትቼ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።