ማስተካከያ፦ የኖርማን ክሮስ ምርኮኞችን የእጅ ሥራ በሚመለከት

በደብረ ብርሃን ለእጅ ሙያተኞች በተሰራጨው የንባብ ወረቀት ላይ፣ በእንግሊዝ አገር በኖርማን ክሮስ ታስረው የነበሩ የጦር ምርኮኞች የሠሯቸው ትንንሽ መርከቦች ከዝሆን ጥርስ እንደሆኑ፣ የገለባ ሥራም ፈጽሞ ተከልክሎባቸው እንደነበር የተገለጸው በሚከተለው ይታረም።

በአብዛኛው ፈረንሳውያን የሆኑት ምርኮኞች በዚያ የተያዙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1797 እስከ 1814 ባለው ጊዜ ነው። መርከቦቹ በአመዛኙ የአጥንት ሥራ ናቸው፤ አጥንቱም ለቀለብ ከሚሰጣቸው ሥጋ የተረፈ ሲሆን፣ ተቀቅሎና ነጥቶ፣ በስሱ ተፈልጦ በእንጨት አካል ላይ ይለበጣል። ለሸራ ምሰሶዎቹ የሚሆነው ገመድ ደግሞ ከሐር ወይም ከፀጉር ይገመድ ነበር። የዝሆን ጥርስ ለእስረኛ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ብቻ እንኳ ስሕተቱን ያሳያል።

የተከለከለው ለባርኔጣ የሚውለው የገለባ ጉንጉን ነው፤ ምክንያቱ የምርኮኞቹ ርካሽ ሥራ የአገሬውን ጎንጓኞች ገበያ ማሳጣቱ ሲሆን፣ ድብቁ ንግድ ግን ቀጥሎ ነበር። በአንጻሩ ገለባውን ሰንጥቀው፣ ቀለም አስገብተውና ዳምጠው በእንጨት ሣጥን ላይ ያስጌጡትን በማቆያው በር በሚቆመው ገበያ በግልጽ ይሸጡ ነበር። በሰንደዶና በአክርማ ለሚሠሩ የመንዝና የተጉለት ሰፊዎች እንዲገባ ለማከል ያህል፣ ይህ ሥራ በሙጫ የሚለጠፍ እንጂ የሚሰፋ አይደለም። ብዛት ያላቸው ሥራዎች ዛሬ በፒተርቦሮ ሙዚየም ይገኛሉ።