ሁለት ቀን ለመዝናናት የሰባት ወር ቴርሚን (ቀጠሮ)

ወገኖቼ፣ ዛሬ ብሶት ነው። ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይደለም፣ ስለ ቤት ኪራይም አይደለም። እናቴን እዚህ ጀርመን ራይን ወንዝ ዳር ወስጄ አንዲት ሌሊት አሳድሬ ልመልሳት አስቤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ስላጣሁበት ጉዳይ ነው።

ቦታው ሩቅ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። ከፍራንክፈርት ባቡር ከያዛችሁ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ሩደስሃይም ናችሁ። ከዚያ እስከ ኮብለንዝ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ወንዙ በሁለት ተራራ መሀል እየተጥመለመለ ይወርዳል። ዳገቱ ሁሉ ወይን፣ አናት አናቱ ላይ ግንብ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። እኔ ግን እዚህ ስምንት ዓመት ስኖር ያየሁት ፋርማሲው ለገና በሚሰጠኝ ካላንደር ላይ ነው። ዘንድሮ እማዬ ከባሕር ዳር መጣችልኝ። በሦስተኛው ሳምንት «እዚህ አገር ከሱፐርማርኬትና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ሌላ መሄጃ የለም?» አለችኝ። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ኡርላውብ። ጀርመን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው፣ የዓመት ፈቃድ ማለት ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ የፈቃዱ ሰንጠረዥ የሚሞላው በጃንዋሪ ነው። ነባሮቹ ጁላይን ተቀራመቱት፣ ለእኔ የተረፈችው የኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ናት። የእማዬ ቪዛ ገና ማመልከቻው እንኳ አልገባም፤ እኔ ግን ውጭ በረዶ እየጣለ በበጋ የምዝናናበትን ቀን እፈርማለሁ። በኋላ ይህን ስነግራት «እግዜርን ሳትጠይቁ?» ብላ አማተበች።

ቪዛው ወጣ፣ ዘጠና ቀን ተሰጣት፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቷ መግባት አለባት። ሁሉም ገጠመ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩትን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አየሁት። ኦገስት 7 ነሐሴ 1 ነው። ፍልሰታ! ፈቃዴ ጾሙ መሀል ላይ ዘጭ ብሏል። ይህኛው የጀርመን ጥፋት አይደለም፣ አምናለሁ። ጃንዋሪ ላይ ቅጹን ስሞላ የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው ያየሁት። ቀን ልቀይር ብል የልጆቹ እረፍት በዚያው ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ሽርሽር መውሰድ እዚህ አገር ያስቀጣል።

እማዬ መጀመሪያ «በፍልሰታ ነው እንዴ የምትዝናኑት?» አለች። ፊቴን አይታ ነው መሰል፣ ቆይታ «ይሁን፣ ውኃ ማየት ጾም አያስገድፍም» ብላ ፈቀደች።

እንግዲህ ሒሳቡን ተከተሉኝ። እማዬ በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ቅዳሜና እሁድ ግን የሰዓት ጾም የለም፤ የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ጠዋትም ትበላለች። ስለዚህ ቅዳሜ ሄደን እሁድ መመለስ ነዋ! እንዲህ ብዬ ሆቴል ፍለጋ ገባሁ። ለካስ በኦገስት ሁለተኛው ቅዳሜ ኮብለንዝ አካባቢ ርችት የሚተኮስበት ትልቅ በዓል አለ። «ራይን ኢን ፍላመን» ይሉታል፣ ራይን በነበልባል እንደ ማለት። መርከቦቹ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ ግንቦቹ ይበራሉ፣ የሆቴል ዋጋም አብሮ ይነዳል። ክፍት ሆኖ ያገኘሁት አንድ ቤት ደግሞ «ቅዳሜን የሚፈልግ ሁለት ሌሊት ይያዝ» አለኝ።

አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እማዬ፣ የዘጠኝ ዓመቷና የአምስት ዓመቱ። «የቤተሰብ ክፍል» የሚባለው ለአራት ነው። ትንሹ ከአያቱ ጋር ይተኛል፣ ሁልጊዜም ከእሷ ጋር ነው የሚተኛው ብዬ ኢሜይል ጻፍኩ። የእሳት አደጋ ደንብ አይፈቅድም ተባልኩ። እሺ፣ ሁለት ክፍል ስጡኝ። አለ፤ አንዱ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንዱ አራተኛ። ሊፍትስ? ሕንፃው ቅርስ ስለሆነ ሊፍት የለውም። የእማዬን ጉልበት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ደረጃ አይችልም።

ስለ «ወደ ወንዙ የሚያይ ክፍል»ም ልንገራችሁ፣ እንዳትሸወዱ። በብዙው ቦታ በሆቴሉና በወንዙ መሀል አውራ ጎዳና አለ፣ የባቡር ሐዲድም አለ። በግራም በቀኝም ዳርቻ። የዕቃ ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያልፈው። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ትከፍላላችሁ። እኔ ወደ ወይኑ የሚያየውን ርካሹን ክፍል ነው የያዝኩት፤ በዚህ እንኳ ብልጥ ሆኛለሁ።

ቅዳሜው ከሸፈ። ወደ ረቡዕና ሐሙስ አዞርኩት፣ ክፍልም ተገኘ። አሁን ምግብ። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ሰዓቱን በእኛ ነው የምጽፈው። እማዬ የምትፈታው 9 ሰዓት ላይ ነው። የሬስቶራንቶቹ ወጥ ቤት 8 ሰዓት ላይ ይዘጋና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል። አንድ ቤት አይደለም፣ ሰባት ቦታ ደወልኩ። ሰውየው ውስጥ አለ፣ ስልኩን ያነሳል፣ ምድጃው አለ፣ ድንቹ አለ። 9 ሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት ድንች ቀቅሎ መስጠት ግን አይቻልም። «ኬክ አለን» ይሉኛል። ኬኩ ቅቤና እንቁላል ነው! «ታዲያ ለምን 7 ሰዓት ላይ አትበሉም?» አለችኝ አንዷ፣ በቅንነት። ፍልሰታን በስልክ፣ በጀርመንኛ፣ በሁለት ደቂቃ ለማስረዳት ሞክሩ እስቲ። ስጨርስ «አለርጂ ናቸው ማለት ነው?» አለች።

ሁለት ቤቶች ደግሞ ረቡዕ ሩሄታግ ነው አሉኝ፣ የሚያርፉበት ቀን። ረቡዕን የምንጾመው እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ለካስ እነሱም ሬስቶራንቱን ያስጾሙታል።

የጾም ምግብ አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ «ቪጋን? እንዴታ!» ይላሉ። የተጠበሰ ድንች አለ። ሥጋ የለውም? «የለውም፣ ትንሽ ሽፔክ ብቻ ጣል እናደርግበታለን።» ሽፔክ የአሳማ ሥጋ ነው ወገኖቼ! ለእነሱ ግን እንደ ጨው ነው መሰል፣ ከሥጋ አይቆጠርም። ሾርባው ክሬም አለበት፣ ሰላጣው እርጎ ፈሶበታል። ፍራንክፈርት ቢሆን ቪጋን ቤት ሞልቷል፣ አውቃለሁ። ወንዙ ዳር ያሉት ትናንሽ ከተሞች ሌላ ዓለም ናቸው።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መሀል ምን አደረገ? ሶፋ ላይ ተቀምጦ «እማማ፣ እርስዎ ምንም አይጨነቁ፣ ሄደን እናየዋለን» ይላታል። ሄደን እናየዋለን! ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ዝም ብለን ሄደን ነበር፣ እሁድ ቀን፣ ከልጆቹ ጋር። ሬስቶራንቱ ባዶ፣ ጠረጴዛው ባዶ፣ በእያንዳንዱ ላይ ግን «የተያዘ» የሚል ካርድ ተተክሏል። ለማታ አንድ ሰዓት የተያዘ ጠረጴዛ፣ እኛ የቆምነው በቀኑ ስምንት ሰዓት። ነዳጅ ማደያ ገብተን ብስኩት በላን።

ትራንስፖርቱንም በአጭሩ። እኔና ባለቤቴ የወር ቲኬቱ አለን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 58 ዩሮ የነበረው። ልጅም አያትም በእሱ ማሳፈር አይቻልም። ስድስት ዓመት የሞላው ሁሉ የራሱን ይቁረጥ ነው። የቡድን የቀን ቲኬት አለ፤ እሱ ደግሞ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይሠራም። «መኪና ተከራዩ» ብላችሁ ኮሜንት ልትጽፉ የተዘጋጃችሁ ተመለሱ። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ እዚህ ከኖራችሁ ከስድስት ወር በኋላ አይሠራም። ጽሑፍም ተግባርም እንደገና መፈተን ነው፣ ገንዘብም ይፈልጋል። ባለቤቴ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት ነድቷል።

ደግሞ በየትኛው ዳርቻ እንደምትሄዱ ቀድማችሁ ቁረጡ። ከማይንዝ በኋላ እስከ ኮብለንዝ ድረስ ወንዙ ላይ ድልድይ የለም። በዚህ ሁሉ ርቀት አንድም! ድልድይ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር፣ የዩኔስኮም ጉዳይ ገብቶበት፣ ዓመታት አስቆጥሯል። መሻገሪያው ጀልባ ነው፣ እሱም ማታ ላይ ይቆማል። በቀኝ በኩል አድራችሁ በግራ በኩል እራት ልብላ ካላችሁ ሰዓት እያያችሁ ነው የምትጎርሱት።

ልጄ ማርክስቡርግን ካላየሁ ብላለች። ብራውባክ ከሚባለው ከተማ በላይ ያለ ግንብ ነው፤ በዚያ ወንዝ ዳር ካሉት የኮረብታ ግንቦች ፈርሶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። መግቢያው በድሮ ፈረሰኞች ዘመን ዓለት ላይ የተጠረበ ደረጃ ነው። ፎቶውን ለእማዬ አሳየኋት። «እናንተ ውጡ፣ እኔ ከታች ሆኜ እጸልይላችኋለሁ» አለች። ካውብ ከሚባለው ከተማ ፊት ለፊት ወንዙ መሀል ስላለው ግንብ ስነግራት ግን ዓይኗ በራ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከሚያልፍ መርከብ ሁሉ ቀረጥ ሊሰበስቡበት የሠሩት ነው። «ኬላ በይኛ! ውኃ መሀል ኬላ!» ብላ ሳቀች። እሱን ከመርከብ ላይ ታየዋለች፣ ደረጃ የለበትም።

መርከቡም ቢሆን የሚያዝ በኢንተርኔት ነው። ጣና ላይ ወደቡ ሄደን ባለ ጀልባውን ተከራክረን ነበር የምንሳፈረው፤ እዚህ ደንቡ ሦስት ገጽ ነው። የራስን ምግብ ይዞ መብላት አይፈቀድም ይላል። እማዬ ዳቦ ቆሎ መጥበስ የጀመረችው ባለፈው ሳምንት ነው፣ እስካሁን አልነገርኳትም። ከደንቡ ግርጌ በደቃቅ ጽሑፍ «ጉዞው የሚደረገው የወንዙ ከፍታ ከፈቀደ ነው» የሚል አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦክቶበር ካውብ ላይ ያለው መለኪያ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወርዶ ነበር፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። «ከፈቀደ» የምትለዋን መስመር ብቻ ተርጉሜ ሳነብላት እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «እዚህ አገር ከመጣሁ የሰማሁት ደህና ነገር ይኸ ነው» አለች።

ትናንት ማታ ሁሉም አለቀ። ሆቴል ተከፈለ፣ መርከብ ተያዘ። ለ9 ሰዓቱ ከሆቴሉ ጀርባ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሽሮና እንጀራ ልንበላ ተስማማን፣ ፔርሙዝ ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ረቡዕ በመንገዳችን ላይ የሐዲድ ሥራ አለ፣ በከፊሉ ባቡሩን አውቶቡስ ይተካዋል፣ እባክዎ ቀደም ብለው ይነሱ። ቀደም ብዬ! የቡድን ቲኬቱ ከ3 ሰዓት በፊት አይሠራም ብያችሁ የለ?

ባለቤቴን ቀና ብዬ አየሁት። «ሄደን እናየዋለን» አለ።

አሁን ጥያቄዬ ይኸው። በዚያ በኩል የምትኖሩ፣ ወይም ሄዳችሁ የምታውቁ፦ ከባካራክ እስከ ቦፓርድ ባለው ውስጥ 9 ሰዓት ላይ ሽፔክ የሌለበት ድንች የሚሸጥ ቤት ካለ ስሙን ጻፉልኝ። ቴርሚን የሚጠይቅ ከሆነ ግን ተዉት።