ሁለት ደቂቃ እና ሦስት ሚሊዮን ዕይታ

ሜይ 14 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና ነድቶ በኒውዮርክ ግዛት ወደምትገኘው በፋሎ ከተማ ገባ። ጥቁሮች የሚገበያዩበትን ሱፐርማርኬት መርጦ ነበር የመጣው። 10 ሰው ገደለ፤ አሥሩም ጥቁሮች ነበሩ። ግድያውን በራሱ ላይ ባሰረው ካሜራ ትዊች በሚባል የቀጥታ ቪዲዮ መድረክ ያስተላልፍ ነበር። ትዊች ተኩሱ በተጀመረ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስርጭቱን አቋረጠ። በዚያች ቅጽበት ይመለከቱ የነበሩት ሃያ ሰዎች ገደማ ናቸው።

ከእነዚያ መካከል አንድ ሰው መቅዳቱ ግን በቂ ሆነ። ቅጂው ስትሪመብል በሚባል ሌላ የቪዲዮ ማስቀመጫ ላይ ተጫነ፤ ሊንኩ በፌስቡክ ተዛመተ፤ እስኪነሳ ድረስ ከ3 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። ትዊች ጋ ይዘቱን የሚጠብቅ ንቁ ዘበኛ ነበር፤ ሌላው ጋ ማንም በሩ ላይ አልነበረም።

ወጣቱ ራሱ የዚህ ዓይነት ቪዲዮ ውጤት ነው። ወደ ጥላቻው የገባው በ2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሰዎች የተገደሉበትን ስርጭት አይቶ እንደሆነ ጽፎ ትቷል። ያን ስርጭት በፌስቡክ በቀጥታ ያዩት ከ200 ያነሱ ሰዎች ነበሩ። ለፌስቡክ የመጀመሪያው ሪፖርት የደረሰው ስርጭቱ ካለቀ ከ12 ደቂቃ በኋላ ነው። በቀጣዮቹ 24 ሰዓታት ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ቅጂዎችን አነሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንዷ ቅጂ ግን አሜሪካ ውስጥ አንድ ልጅ ጋ ደረሰች፤ ያስከተለችውንም ከሦስት ዓመት በኋላ አየን።

በእነዚህ ዓመታት ከዩቲዩብ ውጪ ያሉ አማራጭ መድረኮች በረከቱ። ቢትሹት በ2017 እንግሊዝ አገር ተመሠረተ። በ2013 ካናዳ ውስጥ የተጀመረው ራምብልም ውሎ አድሮ ዩቲዩብ ያባረራቸው ሰዎች መሰብሰቢያ ሆነ። ሁሉም የሚያነሱት አንድ ቃል ነው፤ የመናገር ነፃነት። ቃሉን አልንቀውም። የደከመበት ቪዲዮ በማሽን ስህተት ሲነሳበት ለማን አቤት እንደሚል የማያውቅ ሰው ሌላ ቤት መፈለጉ ይገባኛል። ከአንድ ኩባንያ በቀር የሚናገርበት የሌለው ሕዝብም ነፃ ነው አልልም።

የማልቀበለው ይህ ነፃነት ዘበኛ ላለመቅጠር ሰበብ ሲሆን ነው። የእንግሊዝ የሚዲያ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ከበፋሎው ግድያ በኋላ ቢትሹትን ሲያነጋግር፣ በ2023 መድረኩ ቃል ከገባቸው ነገሮች ዋነኛው አስገራሚ ቴክኖሎጂ አልነበረም፤ ሰው መቅጠር ነው። ተጨማሪ ሰዎች ሪፖርቶችን እንዲያዩ፣ ቀድሞ ማንም በማይሠራባቸው ሰዓታትም እንዲሠሩ። ይህን ለማድረግ ስንት ሕይወት ነው የሚጠፋው? የእንግሊዝ አዲሱ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ፣ በኤፕሪል 2025 ቢትሹት ከእነአካቴው አገልግሎቱን ለእንግሊዝ ነዋሪዎች ዘጋ።

መንግሥታት መድረክን በሙሉ መዝጋት ሲያምራቸውም እፈራለሁ። ራምብል በ2022 የሩሲያን መንግሥት ሚዲያ አንሳ ሲባል ፈረንሳይን ጥሎ ወጣ፤ በ2025 ደግሞ የብራዚል ዳኛ አገደው። መዘጋትን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። በ2023 በቤተ ክርስቲያን በተፈጠረው ችግር ሰበብ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ተዘጉ። ቪፒኤን ያለው በዚያው ቀጠለ። በሩ የተዘጋበት ግን፣ ዓረብ አገር ያለች ልጁን በቴሌግራም የሚያነጋግረው አባት፣ በፌስቡክ ገጹ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ ነው።

የአገራችን የጥላቻ ንግግር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች የጥላቻ ንግግር ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሱ ይጠይቃል። ጥሩ። ግን ጥቆማውን ማን ያነበዋል? የአማርኛውን ሽሙጥና ቅኔ፣ ስም ሳይጠራ የሚያስገድለውን ቃል የሚለይ ሰው በሌሊት ፈረቃ ተቀምጧል ወይ? የትልልቆቹና የትንንሾቹ መድረኮች ልዩነት ለእኛ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከዩቲዩብ ወጥቶ ቢትሹት ሲገባ ዘበኛ ወደሌለበት ሰፈር እንደተሻገረ ያውቃል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪው ግን ትልቁ መድረክ ላይ ሆኖም ያው ሰፈር ውስጥ ነው።

ኦክቶበር 2021 የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን ስለ ኩባንያው ጉዳት በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታ ነበር። በወሩ፣ ኖቬምበር 3፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቷቸውን የያዙ የጥላቻ መልእክቶች በፌስቡክ ይዘዋወሩ ነበር፤ ልጃቸው አብርሃም እንዲነሱ ደጋግሞ አመልክቷል። ከመልእክቶቹ አንዱ የተነሳው አባቱ ከሞቱ ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

አብርሃም በዲሴምበር 2022 ከሌሎች ከሳሾች ጋር የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ፤ በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን አለኝ አለ። ከሳሾቹ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የቋንቋችንን ይዘት የሚያዩ ተጨማሪ ሰዎች እንዲቀጠሩ ነው።